የወርቅነሽ ቁልፍ

ሻርጃ፣ እሑድ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢስራ አባት፣ ለሸረፈዲን

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። እኔም ወርቅነሽም አፊያ ነን፣ አልሐምዱሊላህ። አንተም በዚያ ዝናብ ጉልበትህን ሳያምህ እንደሰነበትክ ዱዓዬ ነው።

የትናንቱ ደብዳቤህ በስልኩ ደርሶኛል። ፎቶ ስታነሳው ግን አውራ ጣትህ ሁለት መስመር ሸፍኖብኛል። «ዶሮዎቹ» ካልክ በኋላ ምን እንደሆኑ አላወቅሁም። ሞተውም ከሆነ ንገረኝ፤ ለወርቅነሽ ቀስ ብዬ አስረዳታለሁ። በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ተለያይተን ስለማናውቅ ተጻጽፈንም አናውቅም ነበር። የወርቅነሽ ልጅ ወንጌላዊት ወረቀቱን ይዤ ስታየኝ ትስቃለች፤ «እትዬ፣ ለምን አይደውሉላቸውም?» ትለኛለች። ጆሮህ ከደከመ ወዲህ ድምፄ በስልክ እንደ ንብ እንደሚሰማህ ነገርኳት። እውነቱን ከፈለግህ እኔ ወድጄዋለሁ። በአፍህ በቀን ዐሥር ቃል የማትናገር ሰው፣ በወረቀት ስትመጣ ለካ ወሬኛ ነህ።

ለጠየቅኸኝ ሁሉ ልመልስ። ሙቀቱ ከባድ ነው፤ ከበራፍ እስከ ታክሲው ያለው መንገድ ምድጃ ፊት እንደ መቆም ነው። ዐረብኛዬ አልጠቀመኝም። ቁርአን ቤት የቀራሁት ዐረብኛ ሽንኩርት አይገዛም፤ ባለ ሱቁም ሁሉ ሕንድ ነው። ወርቅነሽ በጣቷ እየጠቆመች ከእኔ ቀድማ ገዝታ ትወጣለች። ፍልሰታ ከገባ ጀምሮ ምስርና ጎመን እሠራላታለሁ፣ ብቻዋን እንዳትበላም እኔ አብሬያት ሥጋ ትቻለሁ። ሳሏ እዚህ በመጣን በሳምንቱ ለቀቃት። ሙቀቱ ተስማምቷት ይሆናል።

ዋናውን ነገር ግን ወርቅነሽ ለልጇ ገና አላነሳችላትም። እንደምታውቀው «ልጄን ይዤ እመለሳለሁ» ብላ ነው ጎረቤቱን ሁሉ ተሰናብታ የወጣችው። ልጅቱ ብር ልካ ያሠራችው ትልቅ ቤት ቁልፍ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ነው። ሃያ ቀን ሙሉ ጠዋት «ዛሬ እነግራታለሁ» ትላለች፤ ማታ «ደክሟታል፣ ነገ ይሁን» ትላለች። የቀረን ዘጠኝ ቀን ነው። ማክሰኞ ነሐሴ 13 ኮምቦልቻ እንወርዳለን፣ ኢንሻአላህ።

ከደሴ ስትወርድ ዶሮዎቹን እያቸው። ትልቁን ቤት ግን ከውጭ ብቻ ቃኘው። ወንጌላዊት ራሷ በቀኝ እግሯ እስክትገባበት ማንም እንዳይከፍተው ወርቅነሽ ብላለች፤ ቃሏን ታውቀዋለህ።

ኡሙሰልማ


ኮምቦልቻ፣ ማክሰኞ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢስራ እናት፣ ለኡሙሰልማ

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላህ ወበረካቱህ። ጉልበቴ ደህና ነው። ጣቴን ይቅር በዪው። ከሥሩ የነበረው «ዶሮዎቹ እንቁላል መጣል ጀምረዋል፣ ለሞላልኝ ቤት እየሰጠሁት ነው» የሚል ነበር። ሞላልኝ ማለት ከወርቅነሽ ጋር አጥር የሚጋራው ብረት በያጅ ነው፤ መልካም ሰው ነው።

ከደሴ ሳይሆን ከዚህ መጻፌ እንዳያስደነግጥሽ። እሑድ ወርጄ ዶሮዎቹን ካየሁ በኋላ ልመለስ ስል ሐረጎ ዳገት ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱ ተዘጋ። እስኪጠረግ ብዬ በወርቅነሽ ሰርቪስ ቤት ሁለት ቀን አደርኩ። አሁንም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ኡሙሰልማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወደዚህ ክፍል ገብተሽ ታውቂያለሽ? እኔ ገብቼ አላውቅም። በመጣሁ ቁጥር በራፉ ላይ በርጩማ ታወጣልኝና ሻይ ጠጥቼ እሄዳለሁ። ግድግዳው እስከ ወገቤ ድረስ እርጥብ ነው። ፍራሹን ገልብጬ ባየው ከሥሩ ሻግቷል። ልብሷን በላስቲክ ጠቅልላ ከጣሪያው ጋር አንጠልጥላዋለች፤ መጀመሪያ ለአይጥ መስሎኝ ነበር፣ ለውሃ ነው። ዛሬ ጠዋት እኔም እየሳልኩ ነቃሁ። የእሷ ሳል ስንት ዓመቱ ነው? አስበሽ ንገሪኝ።

ስለ ትልቁ ቤት ላነሳሽው፣ ቆሟል። የቀረውን ቤቴ ስገባ እጽፍልሻለሁ። ለወርቅነሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ዶሮዎቹ ይናፍቁሻል በያት።

ሸረፈዲን


ሻርጃ፣ ረቡዕ ነሐሴ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢስራ አባት

ሰላምታዬ እንዳለ ነው፤ ግን ዛሬ አላስረዝመውም፣ ተቀይሜሃለሁ። «ቆሟል» አልከኝ። ቤት መቆሙ የሚጻፍልኝ ምን ቢደርስበት ነው? ተማሪ ሳይሠራ የመጣውን የቤት ሥራ እንዴት እንደሚሸፋፍን በአስተማሪነት ሠላሳ ዓመት ሳይ ኖሬ ይህ አያልፈኝም። የሆነውን ጻፍልኝ። ደብዳቤህን ለወርቅነሽ ሳነብላት «ቆሟል» የሚለውን ዘልዬ ነው ያለፍኩት፤ ሰርቪሱንም አላነበብኩላትም።

የሳሏን ነገር አሰብኩት። ስምንት ዓመቱ ነው። ትልቁ ቤት አልቆ፣ ተቆልፎ፣ እሷ ሰርቪሱ ውስጥ ከገባች ጀምሮ ማለት ነው። እኔም እንዳንተ ነኝ፤ በራፉ ላይ ተቀምጬ ነው የኖርኩት። እኔና ወርቅነሽ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተን ልጆቻችንን አብረን ያሳደግን ሴቶች ነን፤ ያኔ ድስቷ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውቅ ነበር። ወደ ደሴ ከወጣሁ በኋላ እንግዳ ሆንኩባት መሰለኝ። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ሆና ጎመን ትቀነጥሳለች። «ምን ብሎ ነው ፊትሽ የተለወጠው?» አለችኝ። ጉልበቱን ነው አልኳት። አላህ ይማረኝ።

ትናንት ወንጌላዊት የምትሠራበት ልብስ ስፌት ወሰደችን። ዐባያ ነው የሚሰፉት። ያቺ በቤታችን መጋረጃ ተጠቅልላ «ሙሽራ ነኝ» ትል የነበረች ልጅ ቆራጭ ሆናለች። ስድስት ወንድ ሰፊዎች እሷ ምልክት አድርጋ እስክትቆርጥ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። አንዱ ሕንድ ሽማግሌ «ማስተር» ብሎ ሲጠራት ሰማሁት። ወርቅነሽ ቁጭ ብላ አየቻት። በፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ክር ስትፈትል የኖረች አይደለች? ጨርቁን በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ «ክሩ ጥሩ ነው» አለች።

ዓርብ የልጅቱ የዕረፍት ቀን ነው። ያን ቀን ትነግራታለች፤ በእመቤቴ ምላልኛለች።

መልስህን እጠብቃለሁ። ጣትህን አንሳ።

ኡሙሰልማ


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሐሙስ ነሐሴ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢስራ እናት

ቁጣሽ ደርሶኛል፣ ይገባኛልም። መንገዱ ትናንት ተከፍቶ ቤቴ ገብቻለሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት፤ አሁን እንዳለ ልጻፈው።

ቁልፉን ሰብሬዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ከትልቁ ቤት በር ሥር ውሃ ሲወጣ አየሁ። ዝናቡ ቆሟል፣ ውሃው ግን ከውስጥ ይወጣል። ሞላልኝን ጠራሁት፤ መሰላል አምጥቶ ጣሪያው ላይ ወጣ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ኮርኒሱ ላይ ተኝቷል። «ጋሼ፣ አሁን ካልገባን ማታ ኮርኒሱ ይወርዳል» አለኝ። ልደውልላችሁ አልቻልኩም። ሞላልኝ «እኔ ልደውል?» ቢለኝ ከለከልኩት። ከባሕር ማዶ ሆና ምን ታደርጋለች? ማልቀስ ነው። ጓጉንቸሩን በመጋዝ ቆረጥነው። መጋዙን እሱ ያዘ፣ በሩን የገፋሁት ግን እኔ ነኝ። በቀኝ እግሬ ነው የገባሁት፤ ቢስሚላህ ብዬ።

ኡሙሰልማ፣ ሱቅ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ሶፋው ከነላስቲኩ። አልጋው ከነላስቲኩ። ፍሪጁ ላይ የፋብሪካው ወረቀት እንደተለጠፈ ነው። ግድግዳው ላይ የ2009 የቀን መቁጠሪያ መስከረም ላይ ቆሟል። አንድ ክፍል ውስጥ የወንጌላዊት የስምንተኛ ክፍል ደብተሮች በልካቸው ተደርድረዋል። በጦርነቱ ጊዜ ከተማው ሁሉ ሲሸሽ ወርቅነሽ «ቤቱን ጥዬ የት እሄዳለሁ» ብላ የቀረችው ለዚህ ነበር። የጠበቀችውን ቤት ግን ተቀምጣበት አታውቅም።

ውሃውን ስናወጣ ዋልን። ከኮርኒሱ አንዱ ጥግ ብቻ ነው የተበላሸው፤ ሞላልኝ ይጠግነዋል። ሶፋውን ወደ መሃል አውጥተን መስኮቶቹን ከፈትናቸው። ከስምንት ዓመት ወዲህ ነፋስ ሲገባ የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ መጋረጃው ሲነሳ ሞላልኝ እንኳ ሥራውን ትቶ አየው።

አሁን የእኔ ሀጃ፣ የቸገረኝ ጉዳይ፣ ይህ ነው፦ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? ዓርብ ከልጇ ጋር የምትነጋገርበት ቀን ከሆነ፣ እስከዚያ ያዢልኝ።

ሸረፈዲን


ሻርጃ፣ ቅዳሜ ነሐሴ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢስራ አባት

ይዤልሃለሁ፤ አሁንም አልነገርኳትም። ግን የምነግርበትም መንገድ ጠፍቶብኛል። ትናንት የሆነውን ልጻፍልህና አንተ ፍረድ።

ምሳ በልተን እንዳበቃን ወርቅነሽ ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ይኸው ቤትሽ» አለቻት። «ትኬትሽን ቁረጪና አብረን እንግባ።»

ወንጌላዊት አየችው እንጂ አላነሳችውም።

«እማዬ፣ ቤቱን ለእኔ ብዬ አይደለም ያሠራሁት» አለች።

«ለማን ነው ታዲያ?»

«ለአንቺ ነዋ።»

ወርቅነሽ የሰማች አልመሰለችም። «መጋረጃውን አረንጓዴ ያደረግሁት አንቺ ስለምትወጂ ነው» አለቻት። ልጅቱ ግን ሌላ ነገር ይዟታል። «ቆይ፣ ሳሎኑን፣ አልጋውን ፎቶ እያነሳሽ ስትልኪልኝ፣ እዚያ ውስጥ አይደለም እንዴ የምትኖሪው? የት ነው የምትተኚው?»

ወርቅነሽ ዞራ እኔን አየችኝ። እኔም «ሰርቪሱ ውስጥ» አልኩ። ወላሂ ከአፌ ሲወጣ አላወቅሁትም። ያንተ ደብዳቤ ነው የተናገረው።

ወንጌላዊት ተነስታ ማድቤት ገባችና የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች። ብዙ ቆይታ ስትመለስ እጇ እንደረጠበ ነው። ከሀኒ ጋር፣ አብራት ከምትሠራው የሐርቡ ልጅ ጋር፣ የራሳቸውን ስፌት ቤት ሊከፍቱ እንደሆነ ያን ጊዜ ነገረችን። ለመስከረም ተዘጋጅተዋል። ሳትነግራት የቆየችው እናቷ ስትሄድ በስልክ ልትነግራት አስባ ነው። «ለጥምቀት እመጣለሁ እማዬ፣ ቃሌ ነው። ግን ለመኖር አይደለም። እዚህ ሰው ሆኛለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ወርቅነሽ አልተጣላችም፤ ብዪ ሲሏት ትበላለች። ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ማንም አያነሳውም፤ ሳህኑን በዙሪያው እያስቀመጥን ነው የምንበላው። ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋን አስተካክላ ጨረሰች፣ ሦስት ቀን እየቀረን።

ለልጅቱ መናገሬ ጥፋት ነበር ወይ? አንድ ቃል ጻፍልኝ።

ኡሙሰልማ


ደሴ፣ እሑድ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢስራ እናት

ጥፋት አይደለም። ከእኔ መጋዝ ያንቺ ቃል ይሻላል። አብሽሪ።

ከዚህ ጋር ለእሷ የጻፍኩት አለ። ቀስ ብለሽ አንቢላት፤ ዘለሽ የምታልፊው መስመር አይኑር። ጣቴ የለበትም፣ ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ።

*

ይድረስ ለእህቴ ለወርቅነሽ

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ፤ ፍልሰታውንም ያስፈጽምሽ። ሰጥተሽ የማትጨርሽውን ይቅርታ ልለምንሽ ነው።

አደራሽን በልቻለሁ። ትልቁን ቤት ሰኞ ዕለት ጓጉንቸሩን አስቆርጬ ገብቻለሁ። ጣሪያው ውሃ ስላስገባ ነው፤ ሞላልኝ ምስክሬ ነው። ዕቃሽ አንድም አልተበላሸም። ከኮርኒሱ የሳሎኑ ጥግ ወርዶ ነበር፣ ትናንት ተሠራ።

እንዲህ የሆነው ማንም ስለማይኖርበት ነው። አሸንዳው የተደፈነው ዘንድሮ አይመስለኝም። አንቺ ውስጥ ተኝተሽ ቢሆን የመጀመሪያዋን ጠብታ ትሰሚያት ነበር። ቤት ሰው ካልገባበት ውሃ ይገባበታል።

ሁለተኛው ጥፋቴ ይብሳል። ስምንት ዓመት በራፍሽ ላይ ሻይ ስጠጣ፣ ሳልሽንም ስሰማ፣ አንድ ቀን አንገቴን አስግጌ የምትተኚበትን አላየሁም። ወንድም እንደዚህ አይደለም። ሁለት ቀን ስተኛበት ነው የገባኝ። ዝናቡ እስኪያልፍ እንኳ ወደ ትልቁ ቤት ግቢ፤ አልጋሽን የት ላድርግልሽ? አስበሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ ሸረፈዲን


ሻርጃ፣ ሰኞ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢስራ አባት

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ከዚህ የምጽፈው የመጨረሻው ነው። ነገ ጠዋት በረራችን ነው፤ ወንጌላዊት ሥራዋን አስፈቅዳ ሻንጣ እያሰረችልን ነው።

ደብዳቤህን ትናንት ከሰዓት አነበብኩላት። ልጅቱም አጠገባችን ነበረች። ስጨርስ «ድገሚው» አለችኝ፤ ደገምኩላት። ቀጥላ ጠየቀችኝ።

«መጋዙ የማን ነው?»

«የሞላልኝ።»

«ሞላልኝ መጋዝ ይዞ ቤቴ ገባ?»

«ከነመሰላሉ።»

«ያ ጫማውን የማያወልቅ ሰው?»

ከዚያ ሳቀች፣ የኢስራ አባት። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ በኋላ ጠረጴዛውን ይዛ። ወንጌላዊት ደንግጣ ውሃ አመጣችላት። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሳችና «ይህ ታዲያ አሁን የምን ቁልፍ ነው?» አለች። ልጅቱ ተቀብላት መቀሷን በምትሰቅልበት ሚስማር ላይ አንጠለጠለችው። «ስፌት ቤቱ ሲከፈት እወስደዋለሁ» አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ባሕር ዳርቻ ወሰደችን። ሃያ ስምንት ቀን እዚህ ከርመን፣ ሙቀቱን ፈርተን ሳናየው ልንሄድ ነበር። ወርቅነሽ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ገባች። እኔም ተከተልኳት። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ እግር ሥር ያለውን አሸዋ ይወስደዋል፣ ተያይዘን ነው የቆምነው። ኮምቦልቻ ሳለን ቦርከና ወንዝ ልብስ ስናጥብ እንዲህ ነበር የምንያያዘው። ወርቅነሽ በጣቷ ቀመሰችውና «እውነትም ጨው ነው» አለች።

ቀጥላ እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን ልጻፍልህ። «ኡሙ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ተቀምጣ የምታለቅስ ነበር የሚመስለኝ። ሳህን ባጠብኩ ቁጥር ሳህን የምታጥብ፣ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ደጅ የቆመች። እሷ እያለቀሰች እኔ አዲስ አልጋ ላይ እንዴት ልተኛ? ለካ ልጄ ደህና ናት።» ልጅቱ ከኋላችን ጫማችንን ይዛ ቆማለች። የሰማች ይመስለኛል፤ ዞር ብላ ነበር።

አሁን ትእዛዟን ስማ። አልጋዋ በመንገዱ በኩል ባለው ክፍል ይሁን፣ መስኮቱ ሥር፣ የሚያልፈውን ሰው እንድታይ። የሻገተው ፍራሽ ይጣል። ዶሮዎቹ ሰርቪሱን ይውረሱ። የሶፋውንና የአልጋውን ላስቲክ ግን ጋሼ እንዳይነካው፤ የምቀደው እኔ ነኝ ብላለች። ዓርብ ፍልሰታ ሲፈታ እኛን፣ የሞላልኝን ቤተሰብና ከፋብሪካ ጓደኞቿ ሁለቱን ሳሎኗ ውስጥ ታስተናግዳለች። ለእኛ የሚታረደውን ዶሮ አንተ ባርከህ ታርዳለህ፤ ይህን እንዳልረሳ ሁለት ጊዜ ነግራኛለች።

አንድ ነገር ሳልጽፍልህ ከርሜያለሁ። ናፍቀኸኛል። በአፌ ስለማልለው በወረቀት ይሁንልህ።

ኡሙሰልማ


ደሴ፣ ማክሰኞ ነሐሴ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢስራ እናት

ይህን አዲስ አበባ አውሮፕላን ስትቀይሩ ታነቢው ይሆናል። እኔ አሁን ወደ ኮምቦልቻ ልወርድ ነው። ጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፣ ከሐረጎ ወዲያ ግን ፀሐይ ነው ብለውኛል፤ መንገዱም ደህና ነው።

ትናንት ከሰዓት ወርጄ ትእዛዙን ፈጽሜ ማታ ተመልሻለሁ። አልጋው መስኮቱ ሥር ነው። ላስቲኩን አልነካሁም። ሞላልኝ ሳሎኑን ሊጠርግ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ነው የገባው፤ ምክንያቱን ሳልነግረው ራሱ አወለቀ። ለበሩ አዲስ ጓጉንቸር ልግዛ ብለው «ሰው ሊኖርበት አይደል? መቀርቀሪያ ይበቃዋል» ብሎ መቀርቀሪያ በየደበት። ዶሮዎቹን ግን ወደ ሰርቪሱ ማስገባት አልቻልንም። እነሱም አልወደዱትም።

አሁን ደግሞ የራሴን ልናዘዝ፤ ፊት ለፊት ስንገናኝ እንዳላፍር ነው። ከወርቅነሽ ቤት የተመለስኩ ዕለት ሳሎናችን ቁጭ ብዬ ቡፌውን አየሁት። ለሠርጋችን እናቴ የሰጠችሽ ባለ ወርቅ ጠርዝ ስድስቱ ብርጭቆዎች እንደተደረደሩ ናቸው። ለክቡር እንግዳ ብለሽ ሠላሳ አራት ዓመት አስቀመጥሻቸው። ማን መጥቶ እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩ፤ አንድም ክቡር እንግዳ ትዝ አላለኝም።

አውጥቼ አጠብኳቸው። ከሐሙስ ጀምሮ ሻይ የምጠጣው በእነሱ ነው። ሻዩ ይጥማል፣ ውሸት አይደለም። ትናንት አንዷ ከእጄ አምልጣ ተሰበረች። አምስቱ ደህና ናቸው፤ ሁለቱን ለእኔና ለአንቺ ብዬ በምንበላበት ጠረጴዛ ላይ ደፍቻቸዋለሁ።

ልትቆጪኝ ትችያለሽ። ከፈለግሽ ጆሮዬ አጠገብ ጠጋ ብለሽ ተቆጪኝ፤ እንዲያ ስትናገሪ በደንብ እሰማሻለሁ።

ሸረፈዲን